ናሙናዬ «ደህና ነው» ይላል፣ ወንዙ ውስጥ ግን ነፍስ የለም። ምን ልጻፍ?

መድረክ፦ ውሃና አካባቢ

ፍኖተ_ውሃ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴ ወደ አቃቂ በሚገባ አንድ ገባር ወንዝ ላይ ነው። ስሙን ለጊዜው ልተወው። ከእንጦጦ ግርጌ ይነሳል፣ በሰፈሮች መሐል ይወርዳል፣ ቆዳ ፋብሪካ አጠገብ ያልፋል።

ሦስት ቦታ መርጫለሁ፤ ላይ፣ መሐልና ታች። ውሃ እየቀዳሁ ክሮሚየም እለካለሁ። በፕላስቲክ ጠርሙስ እቀዳለሁ፣ ናይትሪክ አሲድ ጠብ አደርግበታለሁ፣ በበረዶ ሳጥን ላብራቶሪ አደርሳለሁ፣ ከዚያ አቶሚክ አብዞርፕሽን በሚባለው ብረት የሚለካ ማሽን አስመረምራለሁ። ሁሉንም እንደ መመሪያው ነው የሠራሁት።

ችግሬ ይኸውላችሁ። ከፋብሪካው በታች የቀዳሁት ውሃ ክሮሚየሙ ትንሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 0.05 ሚሊ ግራም ነው፤ እዚያ እንኳ አይደርስም። ሦስት ሳምንት ተመላልሻለሁ። ያው ነው።

ግን እዚያው ቦታ ድንጋይ ስገለብጥ ምንም የለም። ላይኛው ቦታ ላይ ድንጋይ ሳነሳ የሚርመሰመስ ነገር አለ። ታች ግን የድንጋዩ ሥር ጥቁር ነው፣ እጅ ላይ ያንሸራትታል፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል።

አማካሪዬ ውጤቱን አይቶ «ማሽኑን ፈትሺ» አለኝ። ፈተሽኩ። ማሽኑ ደህና ነው። ቁጥሬ ልክ ከሆነ ታዲያ ይህን ወንዝ ምን ገደለው? በጣም ጨንቆኛል።

የላብ_ሰው
እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡25

አይዞሽ ልጄ። ማሽንሽም ቁጥርሽም ልክ ሊሆን ይችላል። እስቲ ሦስት ነገር ልጠይቅሽ። አሲዱን ከመጨመርሽ በፊት ውሃውን አጣርተሻል? በስንት ሰዓት ነው የምትቀጂው? ጭቃውንስ ወስደሻል?

የምጠይቅሽ በምክንያት ነው። ክሮሚየም ሁለት መልክ አለው። ቆዳ ፋብሪካ የሚጠቀምበት ክሮም 3 ነው። ይሄኛው የውሃው አሲድነት ሲቀንስ መሟሟቱን ይተውና አረንጓዴ ዝቃጭ ሆኖ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ከጭቃው ጋር ይጣበቃል። ክሮም 6 ደግሞ በደንብ ይሟሟል፣ ከውሃው ጋር ይጓዛል፣ መርዝነቱም እጅግ የከፋ ነው። ኦክስጅን ባጣና በሚገማ ወንዝ ውስጥ ግን ብዙ አይቆይም፤ ወደ ክሮም 3 ይለወጣል። ስለዚህ አንቺ ላይ ላዩን ስትቀጂ ክሮሙ ከእግርሽ ሥር ተኝቷል።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባል የለ? ጎርጉሪ። ላይኛውን 5 ሳንቲ ሜትር ጭቃ በፕላስቲክ ማንኪያ ውሰጂ። የብረት አካፋ አትንኪ፤ የራሱን ብረት ይጨምርብሻል። አድርቂው፣ በ63 ማይክሮን ወንፊት ንፊው፣ ከዚያ በአሲድ አሟሚው። ብረት የሚይዘው ደቃቁ ክፍል ነው።

ደግሞ ገዳዩ ክሮም ብቻ ነው ብለሽ እንዳትነሺ። የተበላሸ እንቁላል ብለሻል። እሱ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ኦክስጅን ለክተሻል?

ፍኖተ_ውሃ
እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡51

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አላጣራሁም። የምቀዳው ሁሌ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ የክፍላችን መኪና የሚገኘው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጭቃ አልወሰድኩም። ኦክስጅንም አልለካሁም። መለኪያችን ሴንሰሩ ከሞተ ቆይቷል። ይገዛል ተብሎ ስንጠብቅ ነው ዓመቱ ያለቀው።

የላብ_ሰው
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

የኦክስጅን መለኪያው ቢሞትም ዊንክለር የሚባል በኬሚካል የመለኪያ ዘዴ አለልሽ። ከ1888 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል። ዛሬም ማሽኖቹን የምናመሳክረው በሱ ነው።

የ300 ሚሊ ሊትር የብርጭቆ ጠርሙስ ያዢ። ውሃው ውስጥ ቀስ ብለሽ አጥልቂው፤ አንዲት የአየር ፊኛ እንኳ እንዳትቀር። ክዳኑን እዚያው ውሃ ውስጥ ዝጊ። ከዚያ ማንጋኒዝ ሰልፌት ጨምሪ፣ ቀጥለሽ አልካሊ አዮዳይድ አዛይድ። ክደኚና እየገለበጥሽ አዋህጂው። ኦክስጅን ካለ ቡናማ ደመና ይሠራል፤ የጠላ አተላ ይመስላል። ከሌለ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ እንደ አጓት። ከዚያ በኋላ ነው አሲዱ፣ ስታርቹ፣ ቲትሬሽኑ። ያንን ታውቂዋለሽ።

እኔ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ከአባ ሳሙኤል ግድብ በላይ ካለው ውሃ አንድ ጠርሙስ ሞላሁ። ሁለቱን ኬሚካል ጨመርኩ። አናወጥኩ። ነጭ። ተሳስቻለሁ ብዬ ሌላ ጠርሙስ ሞላሁ። ያውም ነጭ። ጠርሙሱን ለፀሐይ ከፍ አድርጌ ይዤ ብዙ ቆምኩ። ያን ያህል ውሃ እየፈሰሰ፣ የሚተነፈስ ግን ጠብታ የለም። እስከ ዛሬ አይኔ ላይ አለ።

አዲስ አበባ ላይ የሚረሳ ሌላ ነገር አለ። በባሕር ወለል አጠገብ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ አንድ ሊትር ውሃ 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። እኛ ያለነው 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። በዚሁ ሙቀት እዚህ ንጹሕ ውሃ እንኳ የሚይዘው 7 አካባቢ ነው። አብዛኛው ዓሣ ደግሞ 5 ገደማ ይፈልጋል። የምናባክነው ትርፍ ኦክስጅን ከመነሻውም የለንም። ከየቤቱ የሚለቀቀው ፍሳሽ ሲገባ ባክቴሪያው እሱን ለመብላት ያቺኑ ትንሽ ኦክስጅን ይጨርሳታል።

አንድ ማሳሰቢያ። ሰልፋይድ የበዛበት ውሃ ዊንክለርን ያሳስታል፤ ካለው በታች ያሳያል። የሚሠራ መለኪያ ከሌላ ክፍል በውሰት ብታመጪና ብታመሳክሪ መልካም ነው።

ቆዳ_ሠራተኛ_ነበርኩ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡05

4 ሰዓት ላይማ ምን ታገኛለሽ እህቴ።

እኔ ቆዳ ፋብሪካ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። የቱ እንደሆነ አልናገርም። አሁን ያለሁት ሌላ ሥራ ላይ ነው። የማውቀውን ልንገርሽ።

ቆዳው ሲመጣ ጨው ለብሶ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ጨው ይታጠባል። ቀጥሎ ጸጉሩ እንዲለቅ ኖራና ሰልፋይድ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ያ ነው የሚገማው። ከዚያ ድራም ውስጥ ገብቶ ክሮም ይጠጣል፤ ዌት ብሉ የምንለው ይወጣል። ቆዳው ግን የተሰጠውን ክሮም ሁሉ አይጠጣም። በተለመደው አሠራር ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነው ከውሃው ጋር ይወጣል። መልሶ ለመጠቀም ማጠራቀሚያና ማሽን ያስፈልጋል። እኛ ጋ ማጠራቀሚያው ነበር፤ ማሽኑ የሚሠራው ግን እንግዳ ሲመጣ ነበር።

ገንዳው የሚለቀቀው ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ነው። ክረምት ከሆነ ዝናብ ይጠበቃል። ወንዙ ሲሞላ ማን ያየዋል። የሌሊት ፈረቃ ጨርሰን ስንወጣ ድንጋዮቹ ላይ ውሃው የደረሰበት ድረስ ሰማያዊ መስመር ተሠምሮ እናይ ነበር። ረፋዱ ላይ ሰው ልብስ ሊያጥብ ሲመጣ ታጥቦ ሄዷል።

እኔ ቫልቭ የከፈትኩባቸው ሌሊቶች አሉ። ታዝዤ ነው፣ ግን እጄ ነው የከፈተው። ስለዚህ ነው ይህን የምጽፈው።

ጨውን ለኪ። ጨው አይሰምጥም፣ አይተንም፣ ጭቃ ላይ አይጣበቅም። ወንዙን ተከትሎ ይሄዳል።

የላብ_ሰው
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ወንድሜ፣ ስለ ነገርከን እግዚአብሔር ይስጥህ። ምክሩም ወርቅ ነው። ልጄ፣ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያ ክፍላችሁ አይጠፋም፤ ርካሽ ነው። ጨው በበዛ ቁጥር ውሃው ኤሌክትሪክ ይበልጥ ያስተላልፋል። ላይኛውና ታችኛው ቦታ ላይ በየሰዓቱ ብትለኪ ገንዳው የተለቀቀበት ሰዓት እንደ ተራራ ጫፍ ወጥቶ ይታይሻል።

ነጭ_ዓሣ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ከባሕር ዳር ነኝ። ሥራዬ ዓሣና የውሃ ውስጥ ነፍሳት ናቸው። ቀስ ብዬ ነው ያነበብኳችሁ፤ ይህ ውይይት ልቤን ነክቶታል።

እህቴ፣ ድንጋይ ገልብጠሽ ያየሽው ነገር ራሱ መረጃ ነው። የቀዳሽው ጠርሙስ የነገረሽ ስለ አንዲት ደቂቃ ነው። ድንጋዩ ሥር የሚኖረው እጭ ግን ወራት እዚያው ኖሯል። ሌሊት የተለቀቀውን ጠጥቷል። እሑድ የተለቀቀውንም፣ በዝናብ የተደበቀውንም። መኪና አልጠበቀም።

የሚሠራው እንዲህ ነው። የ500 ማይክሮን መረብ አፉን ወደ ላይኛው የወንዙ አቅጣጫ አድርገሽ ትይዣለሽ። ከፊቱ ቆመሽ የወንዙን ወለል በእግርሽ ትጎረጉሪያለሽ። የተነቀለው ሁሉ ወደ መረቡ ይገባል። ነጭ ሳህን ላይ ትገለብጪውና ዝም ብለሽ ትጠብቂያለሽ። ዝም ማለቱ ዋናው ነገር ነው። መጀመሪያ ቅጠልና አሸዋ ብቻ ይመስላል። ከዚያ አንዱ ቅጠል መራመድ ይጀምራል።

ላይኛው ቦታሽ ላይ ሦስት ጭራ ያላቸው፣ ጎንና ጎናቸው ላይ ስስ ስንጥቦች የሚርገበገቡላቸው እጮች ታገኛለሽ። ስንጥቦቹ የሚተነፍሱባቸው ናቸው። በአሸዋ ቅንጣት ቤት ሠርተው ቤታቸውን ተሸክመው የሚሄዱም አሉ። ፍርፋሪውን በምራቃቸው ክር እየሰፉ ነው የሚሠሩት። እነዚህ ኦክስጅን ሲጎድል መጀመሪያ የሚጠፉ ናቸው። ታች ደግሞ ምንም የለም ያልሽው ጭቃውን ስላላየሽ ሊሆን ይችላል። ቀይ ትል የሚመስል የትንኝ መሰል ዝንብ እጭ ይኖር ይሆናል። ቀይ የሆነው እንደኛ ደም ሄሞግሎቢን ስላለው ነው፤ ያቺን ትንሽ ኦክስጅን ጨምድዶ ይይዛል። እሱም ከጠፋ ነገሩ በጣም ከፍቷል ማለት ነው።

አንድ ስህተት እንዳትሠሪ። ከአውሮፓ የተቀዳ የነጥብ ሰንጠረዥ እንዳለ አትውሰጂ። እነሱ ጋ የንጹሕ ወንዝ ምልክት የሆኑት የድንጋይ ዝንቦች እኛ ጋ በተፈጥሮም ዓይነታቸው ጥቂት ነው። በሱ ከመዘንሽ ንጹሕ ወንዝሽን ቆሻሻ ታደርጊዋለሽ። ለኢትዮጵያ ደጋ ወንዞች ተብሎ የተዘጋጀ «ኢትባዮስ» የሚባል የነጥብ አሰጣጥ በ2015 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በሱ ሥሪ።

የቆቃ_ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡00

ይቅርታ፣ እኔ ተማሪም ባለሙያም አይደለሁም። ያደግሁት ቆቃ ዳር ነው። አቃቂ የሚባለው ውሃ መጨረሻው እኛ ጋ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ይገባሉ፣ ከዚያ አዋሽን ይቀላቀላሉ፣ አዋሽ ወደኛ ይመጣል። የሞጆም ወንዝ ከነቆዳ ፋብሪካው እኛው ጋ ነው የሚገባው። የቆቃ ግድብ በ1960 እ.ኤ.አ. ለመብራት ነው የተሠራው። እናንተ የምትለኩት ነገር እኛ ጓሮ ነው የሚያርፈው።

ውሃው አረንጓዴ ቀለም የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነፋስ ወደ ዳር ሲገፋው እንደ ወፍራም ቀለም ይጋገራል። ጀሪካን ስትነክር እጅህ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። እናቴ ያንን ውሃ በጨርቅ አጥልላ፣ አፍልታ ነው ያሳደገችን። ሲፈላ ደህና ይሆናል ብላ። ጎህ ሲቀድ ደግሞ ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃ በላይ አውጥተው ሲያዛጉ እናያቸው ነበር። ልጅ ሆነን እንስቅባቸው ነበር።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ማፍላቱ ይረዳ ነበር? ዓሣውስ ይበላል?

ነጭ_ዓሣ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ። ለጀርም ማፍላት ይረዳል። ለአረንጓዴው ነገር ግን አይረዳም።

እሱ ሳይኖባክቴሪያ ይባላል። ቆቃ ላይ የሚታወቀው ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ዓይነት ነው። ማይክሮሲስቲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዘለቄታ የመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1 ማይክሮ ግራም ነው፤ የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ማለት ነው። ሙቀት አያጠፋውም። ሲፈላ ሕዋሱ ይፈነዳና ውስጡ ያለው መርዝ ወደ ውሃው ይወጣል። እናትህ የሚቻላትን ሁሉ አድርጋለች። ማጥለሏ ከማፍላቷ በፊት ስለነበር የተወሰነውን ሕዋስ ሳይፈነዳ አስቀርታላችኋለች። ያ ቀላል ነገር አይደለም።

ዓሦቹ ያዛጉበት ምክንያት አለው። አረንጓዴው ነገር ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ያመርታል፣ ሌሊት ግን እሱም ይተነፍሳል። ውሃው ኦክስጅን የሚያንሰው ሊነጋ ሲል ነው። ዓሣው ላይኛዋን ስስ ሽፋን ለማግኘት ነው የሚወጣው። እዚህ ላይ ነው የ4 ሰዓት ናሙና ደግሞ የሚያታልለው፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ስትለካ ሐይቁ ደህና ይመስላል።

ስለ መብላቱ፦ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ይህንኑ አረንጓዴ ይበላል። መርዙ በብዛት የሚገኘው አንጀቱና ጉበቱ ውስጥ ነው። ውሃው አረንጓዴ በሆነ ሰሞን ባይበላ ይመረጣል። ከተበላም ሆድ ዕቃው በሙሉ ወጥቶ፣ ሥጋው በንጹሕ ውሃ በደንብ ታጥቦ ነው። ሆድ ዕቃውን ለውሻም ለዶሮም አትስጡ።

ሜርኩሪ ደግሞ ሌላ ጸባይ አለው፤ ሥጋው ውስጥ ይገባል። ትንሹ ዓሣ ይወስዳል፣ ትልቁ ትንሹን እየበላ ያከማቻል። ሀዋሳ ሐይቅ ላይ በተደረጉ ጥናቶች ዓሣ የሚበላው ነጭ ዓሣ ተክል ከሚበላው ቆሮሶ ይልቅ ብዙ ሜርኩሪ ይዞ ተገኝቷል። ሐይቁ አንድ፣ ውሃው አንድ። የለያያቸው ምግባቸው ነው። ጃፓን ሚናማታ ላይ በ1956 እ.ኤ.አ. በሜርኩሪ የመጣው በሽታ በይፋ ሲመዘገብ ቀድመው መንቀጥቀጥ የጀመሩት ዓሣ የሚበሉት ድመቶች ነበሩ። ሰዉ «የምትጨፍር ድመት» ይላቸው ነበር።

ራይን_ዳር
ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 6፡40

ሰላም ከጀርመን። ውሃ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ወንዝ ተሻግሬ ትምህርት ቤት የምሄድ ልጅ ነበርኩ። አፍንጫዬን ይዤ።

ፍኖተ_ውሃ፣ ጥያቄሽ «ምን ገደለው» ነበር። መልሱ አንድ ነገር ላይሆን ይችላል። ድምር ነው የሚሆነው። ምሳሌ ልስጥሽ።

አሞኒያ ከሽንት ቤት ፍሳሽ ይመጣል። ውሃ ውስጥ ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ ብዙም የማይጎዳ፣ ሌላው ስንጥብ የሚያቃጥል። የቱ እንደሚበዛ የሚወስነው ፒኤች ነው፤ የውሃው አሲድነት ወይም አልካሊነት ልኬት ማለት ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒኤች 7 ላይ መርዘኛው ከ1 በመቶ በታች ነው። ፒኤች 9 ላይ ግን ከሲሶ በላይ ይሆናል። አሁን አስቢው። ከላይ የሰፈሩ ፍሳሽ አሞኒያ ይዞ ይመጣል። ወንድማችን የነገረን ኖራ ሌሊት ይለቀቃል፤ ኖራ ፒኤችን ከፍ ያደርጋል። ያው አሞኒያ፣ ምንም ሳይጨመርበት፣ በዚያች ሰዓት መርዝ ይሆናል። አሞኒያ የለካው ሰው «እንደ ትናንቱ ነው» ይላል። ፒኤች የለካውም «ለአንድ ሰዓት ትንሽ ከፍ ብሏል» ይላል። ዓሣው ግን ሞቷል።

ለዚህ ነው ነፍስ ያለውን ነገር መጠየቅ የሚሻለው። እኛ ዳፍኒያ እንጠቀማለን። የውሃ ቁንጫ ይሏታል፤ የሰሊጥ ፍሬ ታህላለች። ቆዳዋ እንደ ብርጭቆ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ልቧ ሲመታ በማጉያ ይታያል። 20 ትወስጃለሽ፣ በአምስት በአምስት ትከፍያቸዋለሽ፣ የምትመረምሪው ውሃ ውስጥ ታደርጊያቸዋለሽ። 48 ሰዓት ትጠብቂያለሽ። ብርጭቆውን ቀስ አድርገሽ ስትነቀንቂው በ15 ሰከንድ ውስጥ ያልዋኘችውን ትቆጥሪያለሽ። በቃ። ንጹሕ ውሃ የገባበት ማነጻጸሪያ ብርጭቆ እንዳትረሺ፤ እዚያም ከሞቱ ፈተናው አይቆጠርም።

እዚህ የራይን ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1986 ስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ የኬሚካል መጋዘን ተቃጠለ። የእሳት ማጥፊያው ውሃ የተባይ ማጥፊያውን ጠርጎ ወንዙ ውስጥ ከተተው። ውሃው ቀይ ሆነ፣ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ድረስ እባብ መሰሉ ዓሣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ነው በወንዙ ዳር ባሉ ጣቢያዎች ዳፍኒያዎችን የወንዙ ውሃ በላያቸው እየፈሰሰ ቀንና ሌሊት በካሜራ መከታተል የተለመደው። አዋዋኛቸው ሲለወጥ ደወል ይጮኻል። ኬሚካሉ ምን እንደሆነ ገና ሳይታወቅ ማለት ነው። ስሙ በኋላ ይፈለጋል።

አቃቂ ላይ ያንን ማየት እፈልጋለሁ። አንድ ቀን።

እናት_ዓለም
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12፡50

የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምትሉትን ሁሉ አልገባኝም፣ ግን አንድ ነገር ጨንቆኝ ነው። የምገዛው ቆስጣና ሰላጣ በዚያ ወንዝ የሚለማ እንደሆነ አውቃለሁ። በሎሚና በአቼቶ ዘፍዝፌ አጥባለሁ። ይበቃል?

የላብ_ሰው
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡15

እመቤቴ፣ ማጠብዎን አይተዉ። ጭቃውንና የወስፋት እንቁላሉን የሚያስለቅቀው በደንብ እየቀያየሩ ማጠቡ ነው። አቼቶውም ጀርሙን ይቀንሳል። ግን እውነት ነው፣ ተክሉ በሥሩ የመጠጠውን ከባድ ብረት እጥበት አያወጣውም። ቅጠላ ቅጠል ከሌላው ይልቅ ይሰበስባል፤ ቆስጣና ሰላጣ ከነሱ ውስጥ ናቸው። ሰላጣውን ቢቀንሱ፣ ቆስጣውን አብስለው ቢሰጡ፣ የሚገዙበትን ቦታ እያፈራረቁ ቢገዙ ይሻላል። የፍሬ አትክልት፣ ለምሳሌ ቲማቲም፣ በአብዛኛው ከቅጠሉ ያነሰ ነው የሚይዘው።

ገበሬዎቹን ግን እንዳይቀየሟቸው። ውሃውን ያቆሸሹት እነሱ አይደሉም። ቀኑን ሙሉ በባዶ እግራቸው ውስጡ የሚቆሙትም እነሱ ናቸው።

ፍኖተ_ውሃ
ከ5 ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡30

ጠፋሁባችሁ፣ ይቅርታ። ወንዝ ላይ ነበርኩ።

መለኪያ ከሌላ ክፍል ተዋስኩ። ወንድሜንና የሰፈሩን ጥበቃ ይዤ አራት ሌሊት ሄድኩ። ሦስቱ ላይ ምንም አልነበረም። አራተኛው ላይ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን ሲል፣ የአስተላላፊነት ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። ወጣ፣ ወጣ። በባትሪ ብርሃን ውሃው ምንም የተለወጠ አይመስልም። ሽታው ግን ዓይን ያቃጥላል። ፒኤቹም አብሮ ወጣ። ወደ 11 ሰዓት ገደማ ሁሉም ወደ ቦታው ተመለሰ። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ብመጣ ኖሮ ምንም አላይም ነበር።

ዊንክለሩን እዚያው ሠራሁ። ጋሼ፣ ነጭ። አጓት ብለውኝ አልነበር? ልክ እንደሱ ነው። ሰልፋይዱ እንዳያሳስተኝ በመለኪያውም አመሳከርኩ፤ እሱም ምንም ኦክስጅን የለም ነው ያለኝ።

መረብ ስላልነበረኝ የእናቴን የዱቄት ወንፊት ነው የወሰድኩት። ላይኛው ቦታ ቤታቸውን የተሸከሙትን አገኘሁ! አንዱ ቤቱ ላይ የሚያብለጨልጭ የድንጋይ ፍርፋሪ ሰፍቶበታል። ሳህኑ ላይ ሲራመድ እያየሁ እንባዬ መጣ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ታች፣ ጭቃው ውስጥ ሁለት ቀይ ትል። ከሱ ሌላ ምንም።

የውሃ ቁንጫ ከግቢያችን ኩሬ አጠመድኩ። ዝርያቸው የተጣራ አይደለም፣ ስለዚህ ለሙከራ ብቻ ነው የያዝኩት። የኩሬው ውሃ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዋኙ። የዚያች ሌሊት ውሃ ውስጥ የገቡት በማግስቱ ጠዋት ሥሩ ላይ ተኝተዋል። በግማሽ ያቀጠንኩትም ውስጥ የሚንቀሳቀስ አልነበረም። የዚያኑ ዕለት ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ወንድሜ የቀዳልኝ ውሃ ውስጥ ግን የሚበዙት በሕይወት ነበሩ።

የጭቃው ውጤት ገና አልወጣም፤ ማሽኑ ላይ ወረፋ አለ። ሲደርቅ ግን ግራጫው ላይ አረንጓዴ ነገር ነበረው።

አማካሪዬ ብርጭቆዎቹን ጎን ለጎን አየ። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ የጥናቴን ርዕስ እንድቀይር ፈቀደልኝ።

አሁን የምፈልገው ሌላ ሌሊት መያዝ ነው፤ አንድ ሌሊት ማስረጃ አይሆንም። ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ እንወርዳለን። እውነተኛ የ500 ማይክሮን መረብ የሚያውሰኝ ሰው ካለ ንገሩኝ። ወንፊቱን እናቴ መልሺልኝ ብላለች።

ነጭ_ዓሣ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡02

መረቡን ነገ በባሕር ዳር አውቶቡስ እልክልሻለሁ። አድራሻሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ሁለቱን ቀይ ትሎች በ70 በመቶ አልኮል አስቀምጪያቸው፣ ራሳቸውን በማይክሮስኮፕ ማየት እፈልጋለሁ። የተበከለ ጭቃ ውስጥ ያደጉት አንዳንዴ የጥርሳቸው ቅርጽ የተዛባ ይሆናል።

ቆዳ_ሠራተኛ_ነበርኩ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5፡18

ቅዳሜ አይለቁም። ቅዳሜ ድራም አይዞርም። ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ አድርጊው። ቧንቧው የሚወጣው ደግሞ ከድልድዩ በታች ሳይሆን ከቁጥቋጦው ጀርባ ነው፤ በቀን አይታይም። እኔ እመጣለሁ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ድልድዩ ጋ ጠብቁኝ።